እናቲቱን የገደልናት በጾም ነው

በእኛ ጊዜ፣ ልጆቼ፣ አሳ የሚበላ ሰው መንዝ ውስጥ እንደ ሰው አይቆጠርም ነበር። ትስቃላችሁ? እውነቴን ነው። ቀየት ገበያ ስንወጣ ሰዉ አፍንጫውን ይይዝና «መጡ እንግዲህ የአሳ ልጆች፣ ጠረናቸው ቀድሟቸው መጣ!» ይለናል፣ እናቴ ጨው ልትገዛ ስትቆም ሴቶቹ ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ፈቀቅ ይሉባታል፣ እና ምን እናድርግ? ቤታችን ወደ ወንጪት ወንዝ የሚወርደው ገደል አፋፍ ላይ ነው፣ መሬታችን ድንጋይ ነው፣ ገብሳችን ለፋሲካ እንኳ አይደርስም፣ ታዲያ አያቴም አባቴም በጋ በጋ ገደሉን ወርደው ወንዝ ዳር ይከርማሉ፣ አሳ ያጠምዳሉ፣ ያደርቃሉ፣ ያንን ይዘን ክረምቱን እንሻገራለን። ይኸው ነው ኑሯችን።

ቅድም አንተ፣ አዎ አንተ፣ ዞር አትበል፣ «አሳ ገድሎ የሚበላ ሰው ለአሳ ምን ያዝናል?» አልከኝ አይደል? እኔ ደግሞ ልጠይቅህ፤ የማይበላው ነው የሚያዝንለት? ያ አፍንጫውን የሚይዘው ሰውዬ ወንዙ ባዶ ቢሆን መቼ ያውቃል? በሬውን አጠጥቶ መሄድ ነው ሥራው። አባቴ ግን ውሃው አንድ ጣት ሲጎድል ያውቃል። አሳው የት እንደሚተኛ፣ መቼ እንደሚወልድ፣ ምን እንደሚያስደነግጠው ያውቃል። ጻድቅ ነበር ማለቴ አይደለም፣ ጻድቅ አልነበረም፣ ሆዳም ነበር፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የአምባዛ አሳ ጮማ እሳት ላይ ሲንጠባጠብ ካየ ጸሎቱን ያቋርጣል። ሆዳም ስለነበረ ነው የሚጠብቃት።

ማንን አትሉኝም? እናቲቱን ነዋ።

እናቲቱ የምንላት ወንጪት ገደሉ ሥር ሲታጠፍ የሚሠራት ጥልቅ ውሃ ናት። ጥቁር ናት፣ ሾላ ተደፍቶባታል። በጋ ወንዙ ሲቀጥን አሳው ሁሉ እሷ ውስጥ ገብቶ ይቆያል፣ ክረምት ሲገባ ደግሞ ከእሷ ወጥቶ ወንዙን ከላይ እስከ ታች ይሞላዋል፣ ለዚህ ነው እናቲቱ የተባለችው። ታዲያ ሕግ ነበራት። ብርብራ አይገባባትም። ከእሷ የሚወጣው በመንጠቆ ብቻ ነው፣ እሱም እንቁላል ያልያዘው ብቻ። አባቴ አሳዋን ያወጣና ሆዷን በአውራ ጣቱ ዳበስ ዳበስ አድርጎ፣ እንዲህ ድምፁን ቀጠን አድርጎ፣ «ይቺ ይዛለች። ሂጂ እመቤቴ፣ ልጆችሽን አስከትለሽ ነይ» ብሎ መልሶ ይለቃታል። እኔና ታላቅ ወንድሜ ታፈሰ ሆዳችን እየጮኸ!

«አባዬ፣ እሷ እኮ ከሁሉም ወፍራሟ ነበረች» ይለዋል ታፈሰ።

«ለዚያ ነዋ የለቀቅኋት፣ አንተ ደነዝ» ይለዋል።

ብርብራ ምንድነው አላችሁ? ብርብራ የዛፍ ፍሬ ነው፣ ተወቅጦ ውሃ ውስጥ ሲገባ አሳውን ያሰክረዋል፣ ትንፋሽ ያሳጣውና ሆዱን ገልብጦ ይንሳፈፋል፣ ያንን ሰው ቢበላው ምንም አይሆንም። እኛ ብርብራ የምንነሰንሰው ወንዙ ሲሸሽ ድንጋይ መሀል ተቆርጠው የቀሩ ትንንሽ ኩሬዎች ላይ ነው፣ ለምን፣ እነሱ ሚያዝያ ላይ መድረቃቸው አይቀርም፣ ውስጣቸው ያለውም መሞቱ አይቀርም። እሱንም ቢሆን አባቴ መጀመሪያ ሱሪያችንን አስወልቆ ያስገባናል፣ ጥቃቅኖቹን በቅርጫት እንጠልፋለን፣ በቅል ውሃ አድርገን እየተመላለስን እናቲቱ ውስጥ እንጨምራቸዋለን፣ ከዚያ ኩሬው ወደ ወንዙ እንዳያፈስ በጭቃና በድንጋይ ይደፈናል፣ ከዚያ አንድ እፍኝ ብርብራ። አንድ እፍኝ! «ሁለት ብትጨምር ምን አለበት?» ስለው «ሆድህ ሁለት ነው?» ይለኛል።

ታዲያ ጣሊያን መጣ።

ጣሊያን በገባ በሦስተኛው ይሁን በአራተኛው ዓመት ተምታቶብኛል፣ ሁዳዴ እንደነበረ ግን አልረሳም። እኔና ታፈሰ በአንድ ጠመንጃ ሁለት ሆነን ባላምባራስ ደጀኔ ከሚባሉ አርበኛ ጋር ገብተን ነበር፣ አባታችንም ገደሉን እንደ መዳፉ ስለሚያውቅ መንገድ መሪ ሆኖ አብሮን ነበር። ወደ አርባ ሰው እንሆናለን። ጣሊያን አፋፉን በሙሉ ያዘው፣ ቤቱን አቃጠለው፣ የእኛም ጎጆ ሲጨስ ከታች ሆነን አየን፣ እና መውጫ አጥተን እናቲቱ አጠገብ ያለ ዋሻ ውስጥ ገባን። ዋሻው ከመግባታችን በፊት በመጨረሻዋ ቀን አንድ የጣሊያን ስንቅ ላይ አደጋ ጥለን ስድስት ሰንጋ ነድተን ወርደናል፣ ስድስት! ጀርባቸው የሚያንሸራትት! ታፈሰ ግን እዚያ ላይ ጭኑን ተመታ።

እንግዲህ ልብ አድርጉ፤ ስድስት ሰንጋ ዋሻው በር ላይ ታስሮ እኛ በረሃብ ልንሞት ነው። ለምን? ሁዳዴ ነዋ! እህል የለም፣ ያለው ሥጋ ነው፣ ሥጋው ደግሞ አይበላም። አንዱ ደፍሮ «ባላምባራስ፣ አንዱን ብንጥለውስ?» አላቸው። ባላምባራስ ትልቅ ሰው ናቸው፣ ቀስ ብለው ነው የሚናገሩት፣ «ስማ፣» አሉት፣ «እኔ ጫካ የገባሁት ጣሊያን ማዕተቤን ሊያስበጥሰኝ መጣ ብዬ ነው። እሱ ሳይበጥሰው እኔው ሁዳዴን ልግደፍ? ጣሊያን ይሳቅብኝ?» አሉት።

አብረውን መምሬ አሥራት የሚባሉ ቄስ ነበሩ፣ ደግ ሰው፣ እሳቸው «ለታመመ ይፈቀዳል፣ ታፈሰ ይብላ፣ እኔ እፈታዋለሁ» አሉ። ታፈሰ ከተኛበት ቀና አለና «እናንተ ጾማችሁ እኔ ሥጋ ልብላ?» አለ። «የአሳ ልጅ መባሉ አንሶኝ ጾም ገዳፊ ልባል? አልበላም።» አልበላም አለ፣ አልበላም።

ታዲያ ከግሼ የመጣ አንድ ቀልደኛ ነበር፣ አፉ የማያርፍ፣ ብድግ አለና «እንዴ! እነዚህ የአሳ ልጆች ለመቼ ሊሆኑን ነው?» አለ። ሰዉ ሁሉ ወደ እኛ ዞረ። ዞረና ወደ መምሬ ዞረ።

«መምሬ፣ በሁዳዴ አሳ ይበላል?»

«ስለ አሳ እንግዲህ… ይበላል የሚሉ አሉ፣ አይበላም የሚሉም አሉ።»

«እርስዎስ?»

«እኔማ ርቦኛል» አሉ።

ያን ቀን የሳቅነውን ሳቅ! ከዚያ በኋላ እንደዚያ አልሳቅንም።

አባቴ በመንጠቆ ጀመረ። አንድ ቀን ሦስት ያወጣል፣ አንድ ቀን አምስት፣ አንድ ቀን ምንም። ለአርባ ሰው! ኩሬዎቹን ደግሞ ቀድመን ጨርሰናቸዋል። ሰዉ በቀን አንድ ጉርሻ እየደረሰው እግሩ ያብጥ ጀመር፣ ታፈሰ ትኩሳት ይዞት ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። በሳምንቱ ባላምባራስ አባቴን አስጠሩት።

«አያ ዘለቀ፣ ብርብራ አለህ አሉኝ።»

«አለኝ ባላምባራስ። ኩሬዎቹ ግን አልቀዋል።»

«ይቺ ትልቋስ?»

«እሷ አትነካም።»

«ለምን? ቤተ ክርስቲያን ናት?»

አባቴ በሰው ፊት ብዙ አይናገርም ነበር፣ ያን ቀን ግን ተናገረ። «ባላምባራስ፣ በሬውን ይረዱት። ኃጢአቱ በእኔ ይሁን። እኔ ልረደው፣ ፊት እኔ ልቅመሰው፣ ሲኦልም እኔ ልግባ። ይቺን ግን አትንኳት። ጦርነቱ ከሁዳዴ ጋር አብሮ ያልቃል ያላችሁ ማነው? የዛሬ ዓመት እዚህ ዋሻ የሚገባው ሰው ምን ይበላል? የክረምቱ አሳ ከየት ይመጣል? ከሰማይ?» አለ።

ያ የግሼው ሰውዬ «ጉድ በሉ! አሳ አጥማጅ ንስሐ አባት ሆነላችሁ!» አለና ሰዉን አሳቀው። ባላምባራስም ጨዋ ናቸው፣ «ሽማግሌ አላስገድድም» ብለው ነገሩን ተዉት።

እኔ ግን አልተውኩትም። ስሙኝ፣ እዚች ላይ ነው ነገሩ። ወንድሜ እያየሁት እያለቀ ነው፣ ይኸ አንድ ነው። ሌላው ደግሞ፣ ልደብቃችሁም፣ ያ ሰውዬ ማታ በአጠገቤ ሲያልፍ «አንተስ? ያባትህን ሙያ ታውቃለህ ወይስ ጠረኑን ብቻ ነው የወረስከው?» አለኝ። ይቺ ቃል ገባችብኝ። ልጅነቴን ሙሉ አፍንጫቸውን ይዘውብኛል፣ ዛሬ እንኳ እኔን ፈልገው፣ ዛሬ እንኳ እንቢ ልበል?

በነጋታው ጠዋት አባቴ ቃፊር ሆኖ ጠላት ሊቃኝ ወደ ላይ ወጣ። እኔ የብርብራ ስልቻውን ከራስጌው አነሳሁት። ድንጋይ ላይ አምስት ሰው ሆነን ወቀጥነው፣ ወቀጥነው፣ እና ስንት እፍኝ ጨመርክ በሉኝ። ስልቻውን ገለበጥኩት! የሦስት በጋ ብርብራ ነበር። ውሃው እንደ ሳሙና አረፋ ደፈቀ፣ ትንሽ ቆየና መጀመሪያ ጥቃቅኖቹ ብቅ አሉ፣ አፋቸውን እንዲህ፣ እንዲህ እየከፈቱ፣ ከዚያ ሆዳቸው የተነፋ ሴቶቹ፣ ከዚያ አንድ አምባዛ፣ የሰው ቁመት የሚያህል፣ አባቴ መንጠቆ ሦስት ጊዜ የበጠሰበት፣ «ሽማግሌው» ብሎ የሚጠራው፣ እሱም እንደ ግንድ ተንከባሎ ወጣ። ሰዉ እየዘለለ ገባ። በጋቢ ይዘግናል፣ በጎራዴ ይመታል፣ ይስቃል፣ ያለቅሳል። ባላምባራስ ግንባሬን ሳሙኝ። ያ የግሼው ሰውዬ እጁን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጎ «የአሳ ልጅ ይባረክ!» አለኝ። ደስ አለኝ። ልዋሽ እንዴ? ደስ አለኝ። ከዚያ ቀን በፊት እንደዚያ ቀን ሰው ሆኜ አላውቅም።

ለታፈሰ አንድ ጠብሼ ሰጠሁት። ግማሹን በላና «ጠገብኩ» አለ።

እኩለ ቀን ላይ አባቴ ወረደ። አረፋውን አየው። ይመታኛል ብዬ ጠበቅሁ፣ አልመታኝም። «መውጫዋን ደፍነሃል?» አለኝ።

«ምን?»

«መውጫዋን! ውሃው ወደ ታች አይሄድም?»

አልደፈንኩም። ልጆቼ፣ አልደፈንኩም። ኩሬ ነው የለመድኩት፣ ኩሬ በአንድ ድንጋይ ይደፈናል፣ እናቲቱ ግን ወንዝ ናት። አባቴ ከነልብሱ ውሃው ውስጥ ገባና መውጫዋ ላይ ድንጋይ ይከምር ጀመር፣ ያንን ሁሉ ውሃ በድንጋይ! እኔም ገባሁ። ያልተለቀመው አሳ ግን፣ ከተለቀመው የሚበልጠው አሳ፣ ነጭ ሆዱን ገልብጦ ከሄደ ቆይቷል።

ወዴት ሄደ? ወደ መልካው። የግማሽ ቀን መንገድ ወደ ታች መልካ፣ የወንዝ መሻገሪያ፣ አለ፣ መልካው ላይ የጣሊያን ጦር ከነባንዳው ሰፍሯል። የሆነውን የሰማሁት ነጻነት ከመጣ በኋላ ነው፣ ሞላሌ ገበያ፣ ጠላ ቤት፣ አንዱ የቀድሞ ባንዳ እኔ ማን እንደሆንኩ ሳያውቅ እየሳቀ ሲያወራ። «ፈረስ ልናጠጣ ስንወርድ ወንዙ በአሳ ነጭ ሆኗል፣» አለ፣ «ጣሊያኑ አለቃችን ‹በሽታ ነው፣ ማንም እንዳይነካ!› ብሎ ጮኸ። እኔ አንዱን አነሳሁና አሸተትኩት። እኔ የቆላ ልጅ አይደለሁም እንዴ! ‹ጌታዬ፣ በሽታ አይደለም፣ ብርብራ ነው፣ የነሰነሰው ሰው ከወንዙ በላይኛው በኩል አለ› አልኩት።» እንዲህ አለ። ሹመት ሰጡኝ አለ።

— እርስዎስ ምን አደረጉት አባባ?

ምን ላድርገው? ጠላዬን አስቀምጬ ወጣሁ። እሱ የሚያውቀውን ተናገረ። ብርብራውን የነሰነስኩት እኔ ነኝ።

በነጋታው ጎህ ሲቀድ ከላይም ከታችም መጡብን። ዋሻው በር ላይ መምሬ አሥራት ወደቁ፣ ያ የግሼው ቀልደኛ ወደቀ፣ ሌላውን አልቆጥርላችሁም። እኔ ታፈሰን አዘልኩት። አባቴ የፍየል መንገድ ያውቃል፣ እሱ ከፊት እኛ ከኋላ፣ ጥይቱ ድንጋዩን እየላጠው ወጣን፣ ወጣን፣ እና መሀል ላይ ጀርባዬ ሞቀኝ። ላብ መሰለኝ። «በርታ ታፈሰ፣ ደረስን» እለዋለሁ፣ ዝም ይላል፣ ድሮም ወሬ አያበዛም። ገደሉ ወገብ ላይ ደርሼ ሳወርደው ነው ያየሁት።

የተረፍነው እዚያው ተጋድመን ቁልቁል እናያለን። ወታደሩ ሰንጋዎቻችንን ይጥላል። የእኛን ሰንጋዎች! ሥጋው ሲጠበስ ሽታው ሽቅብ መጣ። ባላምባራስ ፊታቸውን ወደ ድንጋዩ አዞሩና «ጾማችንን አልገደፍንም» አሉ።

ታፈሰን ድንጋይ ከምረን ቀበርነው። አባቴ እጁን አራግፎ ሲያበቃ ጠየቀኝ።

«በልቶ ነበር?»

«በልቷል አባዬ።»

«ስንት?»

«ግማሽ።»

ራሱን ነቀነቀ። ሌላ አልጠየቀኝም፣ እስኪሞት ድረስ አልጠየቀኝም።

እንግዲህ ይኸ ሁሉ ጦርነት ነው፣ ጦርነት ያልፋል ትሉኛላችሁ። ወንዝ ደግሞ ይመለሳል፣ ብርብራ ታጥቦ ይሄዳል፣ አባቴም እንደዚያ ብሎ ነበር። ጣሊያን ከወጣ በኋላ ሁለት በጋ ሙሉ ከላይ ከገባሩ ወንዝ ጥቃቅን አሳ በቅል እየተሸከምን እናቲቱ ውስጥ ጨመርን። ያ ሽማግሌ፣ በዚያ ገደል፣ ቅል ተሸክሞ! በሦስተኛው በጋ ሲዳብሳት አንዷ እንቁላል ይዛ ተገኘች፣ ሌላ ሰው ቢሆን እልል ይላል፣ እሱ ቀስ ብሎ ለቀቃትና ተቀመጠ፣ እንባው ወረደ።

ታዲያ ያው ሁዳዴ ደረሰ። አንድ ቀን ድምፅ ሰማን። ሰዎች ገደሉን እየዘፈኑ ይወርዳሉ፣ ስልቻ ስልቻ ተሸክመዋል። ማን ናቸው? ከዋሻው የተረፉት! ልጆቻቸውን፣ ዘመዶቻቸውን፣ ጎረቤቶቻቸውን ይዘው! ያ ሁሉ አሳ በአንድ ጠዋት ሲወጣ አይተዋላ! እኔን ሲያዩኝ «ሞገስ! ወንድማችን! በጾም ያበላኸን!» ብለው አቀፉኝ። አባቴ ዱላውን ይዞ እናቲቱ ፊት ቆመ።

«አትነካም!»

«አያ ዘለቀ፣ ምን ነካዎት? ልጅዎ አይደል እንዴ ያሳየን?»

ቀልድ አልነበረም፣ ክፋትም አልነበረም፣ የሚያውቁትን ነው የተናገሩት። አባቴ ዞር ብሎ አየኝ። አንድ ነገር ተናገር ማለቱ ነበር። እኔ ምን ብዬ ልናገር? አትንኩ ልበል? በምን አፌ? ዝም አልኩ። ዝም ስል ዱላውን አወረደ፣ መንጠቆውን ጠቀለለ፣ ገደሉን ወጣ። ከዚያ ወዲያ አንድ ቀን እንኳ አልወረደም። አፋፉ ላይ ጀርባውን ለወንዙ ሰጥቶ ይቀመጥ ነበር፣ እንደዚያው እንዳለ ሞተ።

እሱ ከሞተ በኋላ ነው አፌ የተፈታው። በየዓመቱ ሁዳዴ ሲገባ እወርዳለሁ፣ «ተዉ፣ ኩሬዎቹን ውሰዱ፣ እሷን ተዉ» እላለሁ። መጀመሪያ አባቶቹን፣ ቀጥሎ ልጆቹን፣ አሁን የልጅ ልጆቹን። የሚመልሱልኝ አንድ ነው፣ «አባባ፣ እርስዎ አይደሉ የጀመሩት?» እነሱ አሁን አፍንጫቸውን አይዙም፣ ሁሉም አሳ ይበላል፣ ሁሉም የአሳ ልጅ ሆኗል፣ ሆዷን የሚዳብስ ብቻ ነው የጠፋው። አሁንማ ብርብራውንም ትተውታል፣ ምን ያደርግላቸዋል? እሷ ውስጥ አሳ የለማ! ዘንድሮ መንጠቆ ጥዬ ከጠዋት እስከ ማታ ተቀምጬ መንጠቆውን አንድ አሳ ሳይነካው ተመለስኩ።

— ታዲያ አባባ ሞገስ፣ እኛ ወርደን ገባሩ ላይ ያለውን የቀረውን አሳ ብንጠብቀውስ? እርስዎ ከፊት ሆነው ይምሩን።

እኔ? ከፊት? (ሳቁ።) አይ የእኔ ልጅ! ሂዱ፣ ጠብቁ፣ አልከለክላችሁም፣ እኔን ግን ተዉኝ። እኔን ከፊት አስቀድማችሁ ብትወርዱ ያ ሁሉ ሰው ከየቤቱ ይወጣና ምን ይለኛል መሰላችሁ? «ሞገስ መጣ! ስልቻ አምጡ!»